ገብስ ከጉና፣ ዝንጅብል ከሩቅ

አርብ የጾም ቀን ነው። በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በታች ጋይንት ያለችው የአርብ ገበያ ከተማ ደግሞ ስሟን ያገኘችው በዚያው ቀን ከሚቆመው ገበያ ነው። ስለዚህ ጾመኛ ከሆኑ፣ ቅቤዋን ይዛ የተቀመጠችው ሴትም ሆነች ቅቤ ፈልጋ የመጣችው ያን ዕለት አይቀምሱትም። ገዢዋ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ ታሸታለች፤ ለጋውን ከበሰለው በአፍንጫዋ ትለያለች፤ ዋጋ ትከራከራለች፤ የምላሷ ተራ ግን ገና ነው። ገና ሲቃረብ ነገሩ ይብሳል። ከኅዳር 15 የሚጀምረው የነቢያት ጾም እስከ በዓሉ ዋዜማ ስለሚዘልቅ፣ ለገና የሚሸመተው ቅቤ ሁሉ በየትኛውም ቀን ቢገዛ ሳይቀመስ የሚገዛ ቅቤ ነው።

በዓል ሲደርስ ከቅቤ ጋር አብሮ የሚሸመተው ቅመም ነው። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ድንብላል፣ አብሽ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፣ ዝንጅብል። በአንድ ሙቀጫ ገብተው፣ በአንድ ድስት ተነጥረው ስለሚወጡ ሁሉም የአንድ ቀዬ ተክል ይመስላሉ። አይደሉም። የመጀመሪያዎቹን አምስቱን የጎንደርና የጎጃም ገበሬ በማሳው ያበቅላቸዋል። ኮረሪማና ዝንጅብል ግን ሙቀትና እርጥበት ካላገኙ አይሆንላቸውም። የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጎኗ ያለው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ውርጭ በሚመታው በዚህ ደጋ ገብስ ይዋባል፣ ዝንጅብል ግን ይሞታል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ደገኛ የበዓል ቅቤውን የሚያነጥረው እንግዲህ በራሱ ማሳ በማይበቅል ሥር ነው። ይህ ሥር ወደ ተራራው የወጣበት መንገድ፣ ስለ አካባቢው በብዛት ከሚነገረው ታሪክ የተለየ ታሪክ ይናገራል።

ዝንጅብልና ገና የሚገናኙት ግን በዚህ ደጋ ብቻ አይደለም። በውጭ አገር፣ በተለይም በአሜሪካ፣ ገና ሲመጣ በየቤቱ የሚሠራ አንድ ጣፋጭ አለ። በዝንጅብል፣ በቀረፋና በቅርንፉድ የተቀመመ ብስኩት ይደቀቃል፤ ከለስላሳ አይብ ጋር ይለወሳል፤ በእጅ እየተድበለበለ በቀለጠ ነጭ ቸኮሌት ይነከራል፤ ከዚያ ቀዝቅዞ እንዲጠጥር ይተዋል። ምድጃ አያስፈልገውም። ትረፍል ይሉታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው ከተሞች የሐበሻ ልጆች ይህን ከትምህርት ቤት ተምረው ወደ ቤት ይዘው ሲገቡ፣ እናቶች እንደ ባዕድ ነገር ያዩት ይሆናል። ቸኮሌቱን ወዲያ አድርጎ አሠራሩን ብቻ ለተመለከተ ግን ባዕድነቱ ብዙም አይታየውም፤ የተቆላ ወይም የተጋገረ እህል፣ ከወተት የወጣ ቅባት፣ ቅመም፣ ከዚያም በእጅ ማድበልበል። የኢትዮጵያ ደጋ ይህን ሲያደርግ ኖሯል። ስሙ በሶ ነው፤ በቅቤ ሲለወስ ደግሞ ጭኮ።

በሶ ሲሉት ቀላል ይመስላል፤ ሥራው ግን ወገብ ይቆርጣል። ገብሱ ተለቅሞ እርጥብ ይልና ይታመሳል። በሙቀጫ ተሸክሽኮ ገለባው ይለቃል፤ ይበጠራል፤ ዳግመኛ ይቆላል፤ ከዚያ ወደ ወፍጮ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ እሳት ስላየ ዱቄቱ በስሏል፤ ውሃ ብቻ ቢያገኝ ይበላል። ለዚህ ነው የወታደሩ፣ የነጋዴውና የቆሎ ተማሪው ስንቅ ሆኖ የኖረው። እሳት ማንደድ በማይቻልበት ሸለቆ፣ ጠላት ጭሱን በሚያይበት ሜዳ፣ ወይም ማገዶ በሌለበት ራስ ዳገት ላይ በሶ የያዘ ሰው አይራብም። በውሃ ቢበጠበጥ መጠጥ ነው፤ ውሃው አነስ ብሎ በመዳፍ ቢጨበጥ ምግብ ነው። ገለባው ያለብዙ ድካም የሚለቅ ሰነፍ ቆሎ የሚባል ገብስም በጎጃምና በጎንደር ደጋ ይዘራል፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ሙቀጫ ላይ የቆመች ሴትን ድካም ሳያውቅ አልቀረም።

የደጋው ገብስ ብዛትና ዓይነት የዓለምን ትኩረት የሳበው ዘግይቶ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጎንደር በኩል ሰሜኑን ሲያቋርጥ የስንዴና የገብስ ዘር ሰብስቧል። ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ በዝርዝሩ አስቀምጧታል። እሱ የዘሩን ልዩነት በከረጢት ለየው። የደጋ ሴቶች ግን ቀድሞውኑ ለጠላ የሚሆነውን፣ ለቆሎ የሚሆነውን፣ ለበሶ የሚሆነውን እያሉ ለይተውት ነበር።

ጭኮ በዚህ በሶ ላይ የሚቆም ነው። የተነጠረው ቅቤ ለብ ብሎ በዱቄቱ ላይ ይፈስሳል፤ በእጅ እየታሸ እስኪያያዝ ድረስ ይለወሳል። ቅቤው ከበዛና እርጥበት ካልነካው ለወራት ይቀመጣል። በሸዋ፣ በተለይም በሰላሌ፣ እንዲሁም በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ዘንድ ለሠርግና ለክብር እንግዳ የሚቀርብ ምግብ ነው። በጎንደር በኩል ደግሞ በሶ በቅቤና በማር ታሽቶ ለአራስ፣ ለመንገደኛና ለበዓል ይቀርባል። ስሙና ቅርጹ ከቤት ቤት፣ ከአገር አገር ይለያያል። አንድ ነገር ግን አይለያይም። ቅቤው ያለቅመም ከተነጠረ የሚወጣው የዘወትር ምግብ ነው። ለበዓል የሚያበቃው ዝንጅብሉና ኮረሪማው ነው።

ጾሙም የራሱ ሒሳብ አለው። ላሟ የነቢያትን ጾም አትጾምም፤ ወተቷን መስጠቷን ትቀጥላለች። የማይጠጣው ወተት ይረጋል፣ ይናጣል፤ የማይበላው ቅቤ ይጠራቀማል። በዓሉ ሲደርስ እመቤቲቱ በጾሙ ሳምንታት ያከማቸችውን በአንድ ቀን አንጥራ ታወጣዋለች። የገና ገበታ ስብ የሚበዛበት ምክንያት ጾሙ ራሱ ነው። የቅቤ ዋጋ በጾም መካከል ዝቅ ብሎ በዋዜማው ሳምንት ሽቅብ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አውሮፓም አንድ ጊዜ እንዲህ ነበረች፤ አሁን ዘንግታዋለች እንጂ። በመካከለኛው ዘመን የጀርመን ክርስቲያኖች ከገና በፊት ይጾሙ ነበር፤ ቅቤም ክልክል ነበር። የሳክሶኒ ዳቦ ጋጋሪዎች የገና ዳቧቸውን በዘይት ይለውሱ ነበርና ጣዕሙ አስመረራቸው። መሳፍንታቸው ለሮማው ሊቀ ጳጳስ አቤት አሉ። ሊቀ ጳጳስ ኢኖሰንት 8ኛ በ1491 ቅቤ እንዲጠቀሙ የሚፈቅድ ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ ደብዳቤው እስከ ዛሬ የቅቤ ደብዳቤ እየተባለ ይጠራል። የድሬዝደን ከተማ ዝነኛ የገና ዳቦ ዛሬ በቅቤ የተሞላው ከዚያ ፈቃድ ወዲህ ነው። የጋይንት ሴት ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልጠየቀችም፤ ቢመጣላትም የምትቀበለው አይመስልም።

ዝንጅብል ከወዴት መጣ? የትውልድ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፤ ዛሬ በዱር ሲበቅል አይገኝም። ዘር አይዘራም፤ የሚተከለው ሥሩ ራሱ ተቆርጦ ነው። ስለዚህ ዝንጅብል ከአገር ወደ አገር የሚሄደው ሰው ተሸክሞ ሲያሻግረው ብቻ ነው። የሞሮኮው መንገደኛ ኢብን ባጡታ በ14ኛው መቶ ዘመን በሕንድ ወደብ ያያቸውን የቻይና መርከቦች ሲገልጽ፣ መርከበኞቹ በእንጨት ገንዳ ውስጥ ጎመንና ዝንጅብል ያበቅሉ እንደነበር ጽፏል። ባሕር ላይ የሚበቅል ዝንጅብል ማንኛውም ወደብ ለመድረስ የሚያስፈልገው ነፋስ ብቻ ነው።

ከዚያም በፊት፣ በመጀመሪያው መቶ ዘመን፣ ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪደስ ዝንጅብል በብዛት የሚበቅለው በዐረብ ምድርና በቀይ ባሕር የአፍሪካ ዳርቻ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒም ይህንኑ ይደግማል፤ ዋጋውንም ሲያስቀምጥ አንድ ፓውንድ ዝንጅብል 6 ዲናር፣ ጥቁር ቁንዶ በርበሬ ደግሞ 4 ዲናር ነው ይላል። የቀይ ባሕር የአፍሪካ ዳርቻ ማለት የአክሱም ወደብ የነበረችው የአዱሊስ ሰፈር ማለት ነው። ሁለቱ ጸሐፊዎች ተሳስተው ይሆናል፤ ደረቁ የባሕር ዳርቻ ለዝንጅብል አይመችም። ስሕተታቸው ግን ይጠቅማል። ሮማዊው ገዢ ዕቃውን ያገኘው ከአዱሊስና ከዐረብ ነጋዴ እጅ ስለሆነ፣ የሻጩን አገር የተክሉ አገር አድርጎ ቆጠረው። ቀረፋንም ከሶማሌ ጠረፍ የሚበቅል ይመስላቸው የነበረው በዚሁ መንገድ ነው። ነጋዴ ደግሞ ምንጩን መደበቅ ጥቅሙ ነውና ማን ያርማቸው? የአክሱም ሰው በዓለም የቅመም ንግድ ውስጥ በደላላነት ገብቶ እንደነበር ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

ወደ ደጋው መሀል ሲገባ ግን መንገዱ አቅጣጫውን ይቀይራል። ከጊዜ በኋላ ዝንጅብል በኢትዮጵያ ደቡብና ምዕራብ እርጥብ ምድር ተላመደ፤ ኮረሪማ ደግሞ ቀድሞውኑ የከፋና የአካባቢው ደን ልጅ ነው። ስለዚህ ጋይንትን ያቀፈው የበጌምድር ሰው ቅመሙን ከባሕር በኩል መጠበቁን ትቶ ፊቱን ወደ ደቡብ አዞረ። በ19ኛው መቶ ዘመን ዋናው መንገድ ከቦንጋና ከጅማ ተነስቶ፣ የጊቤን አገሮች አቋርጦ፣ አባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ ላይ ያርፍ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በጎጃም ሲቆይ ይህን ገበያ በዝርዝር ጽፎታል። ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ኮረሪማና፣ ሊታለፍ የማይገባው ነገር፣ ባሪያ ይሸጥበት ነበር። ከባሶ የተነሳው ቅፍለት ወደ ጎንደር ሲያመራ በጣና ምሥራቅ በኩል፣ ዛሬ ደቡብ ጎንደር በሚባለው ምድር ያልፋል። በሊቦ የሚገኘው ይፋግ በዚያ ዘመን ትልቅ የገበያ ስም ነበረው።

የዚህ ንግድ ጀርባ በአመዛኙ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 እ.ኤ.አ. በጎንደር በሰበሰቡት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲቀመጡ ተወስኖ ነበር። መሬት ያልተፈቀደለት ሰው በቅሎና አህያውን ይዞ መንገድ ላይ ወጣ። ክርስቲያኑ ደገኛ የገናውንና የፋሲካውን ቅቤ ያጣፈጠበት ዝንጅብልና ኮረሪማ፣ ገናና ፋሲካ በማያከብር ነጋዴ ጫንቃ የመጣ ነው። ይህ በየበዓሉ ሊነገር የሚገባው ነገር ይመስላል፤ ሲነገር ግን ብዙም አይሰማም።

ክፍያው በጨው ነበር። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚፈለጠው አሞሌ በግመልና በአህያ ወደ ሰቆጣ ይወጣል፤ ከዚያ በላስታ በኩል ወደ በጌምድር ይገባል። አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገሩን ሲዞር ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ ጽፏል። ከጨው ጋር ጎን ለጎን፣ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በኋላ ገባ። ጋይንት እንግዲህ በሁለቱ ጅረቶች መካከል ነበረች፤ ከሰሜን ምሥራቅ ጨው ይወርዳል፣ ከደቡብ ምዕራብ ቅመም ይወጣል።

የገበያዎቹ ቀን መለያየትም ለዚህ ይጠቅም ነበር። አርብ ገበያ አርብን ያዘች፤ እዚያው ደቡብ ጎንደር ውስጥ ሐሙሲት ሐሙስን ይዛለች፤ በሌላ ቦታ ሰኞ ገበያ፣ በሌላው ቅዳሜ ገበያ አለ። በቅሎ የሚጭን ነጋዴ ሳምንቱን ሙሉ ከገበያ ወደ ገበያ ሲዞር ዕቃው አይቆምበትም። የሌላ አገር ከተማ ስሙን ከንጉሥ ወይም ከወንዝ ይወስዳል። የአማራ ደጋ ከተሞች ግን ብዙዎቹ ስማቸውን የወሰዱት ከነጋዴ የቀን መቁጠሪያ ነው።

መንገዱ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር በአንድ ሌላ ጭነት ታሪክ ይታወቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1867 እ.ኤ.አ. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሱ፣ በጋፋት ያሠሩትንና ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው ነበር። በጋይንት አድርገው፣ ጨጨሆን ወጥተው፣ በዘቢጥና በዋድላ አቋርጠው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1868 ነው። በቅሎ በጥቂት ቀናት የሚጨርሰው መንገድ መድፉን ወራት ወሰደበት፤ ምክንያቱም በእግረኛና በበቅሎ ኮቴ ብቻ የተበጀ ገደል ላይ ለመንኮራኩር የሚሆን መንገድ ድንጋይ እየፈነቀሉ መሥራት ነበረባቸው። ጨውና ኮረሪማ ግን በዚያው ገደል ሳይፈነቅሉ፣ ሳይደነፉ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። የታሪክ መጽሐፍ የመድፉን ጉዞ ይዟል፤ የኮረሪማውን አልያዘም።

ከዚሁ አገር የወጣች አንዲት ሴት ደግሞ ቅመሙን ወደ ቤተ መንግሥት አስገብታዋለች። እቴጌ ጣይቱ ብጡል የበጌምድርና የሰሜን መሳፍንት ልጅ ናቸው። በ1887 እ.ኤ.አ. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያዘጋጁትን ታላቅ ግብር ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በምኒልክ ታሪክ ውስጥ ጽፈውታል። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጀምስ መካን በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ ላይ ይህንን ግብር መነሻ አድርጎ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምግብ መልክ የያዘው በዚያ ገበታ ዙሪያ ነው ይላል። ክርክሩ ያስኬዳል። የደቡብ ቅመም፣ የሰሜን ወጥ አሠራርና የሸዋ ከብት በአንድ ጓዳ የተገናኙት ያኔ ነው። ሆኖም መካን የማይዘነጋ ነገር ሊጨምር ይችል ነበር። ጣይቱ ያደጉበት በጌምድር የደቡብን ቅመም በገበያው በኩል ካወቀው ቆይቶ ነበር። የእንጦጦው ድንኳን ያገናኘው ብዙ ነገር ቢኖርም ዝንጅብልና የበጌምድር ቅቤ ግን ቀድመው ተዋውቀዋል።

የአውሮፓው የዝንጅብል ብስኩት ታሪክም የነጋዴ ታሪክ ነው። የጀርመኗ ኑረምበርግ ከተማ በዝንጅብል ዳቦ የታወቀችው ሁለት ነገር ስለተገናኘላት ነው፤ በዙሪያዋ ያለው ደን የንብ አገር ነበር፣ ከቬኒስ የሚመጣው የቅመም መንገድም በዚያ ያልፋል። ጋጋሪዎቹ በ1643 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። የግሪም ወንድማማቾች በ1812 ባሳተሙት ተረት ውስጥ ሁለት ሕፃናት ከዳቦና ከኬክ የተሠራ ቤት ሲበሉ ከታየ በኋላ፣ የዝንጅብል ዳቦ ቤት መሥራት የገና ልማድ ሆነ። ማር ከደን፣ ቅመም ከሩቅ፤ ኑረምበርግና ጋይንት በዚህ ይመሳሰላሉ። የሚለያዩት ስኳር ሲመጣ ነው። አውሮፓ በስኳር ማሯን ቀስ በቀስ ተወች። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የስኳር ፋብሪካ ወንጂ ላይ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ የደጋው ሰው ጣፋጭ ሲል ለረጅም ዘመን ማር ማለቱ ነበር። የማር ዋናው መዳረሻ ደግሞ ጠጅ ነው። ከጠጁ ተርፎ ወደ በሶ የሚወርደው ጥቂቱ ነው፤ በሶ በማር የሕፃንና የአራስ ድርሻ ሆኖ የቀረው ከዚህ የተነሳ ይመስላል።

ብስኩትና ኬክ በከተማው ሰፊ ቦታ የያዙት በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ነው። ጎንደር ከተማ ፒያሳዋንና ፉርኖ ዳቦዋን ያገኘችው ያኔ ነው። ወደ ጋይንት ግን እነዚህ ነገሮች በቶሎ አልዘለቁም። ወረታን ከወልዲያ የሚያገናኘው፣ ቻይኖች የሠሩት ጎዳና በደርግ ዘመን ሲከፈት ነው መኪና ደብረ ታቦርንና ነፋስ መውጫን አቋርጦ እስከ ጋሸና መመላለስ የጀመረው። ከዚያ በኋላ የታሸገ ብስኩት፣ ከረሜላና ስኳር በሱቅ መደርደሪያ ላይ ወጣ። በቅሎውም ሥራውን ለአይሱዙ አስረከበ። ቅመሙ ግን አልተለወጠም። የመጫኛው መንገድ ብቻ ነው የተቀየረው፤ ከጎጃም በኩል በቅፍለት ይመጣ የነበረው ዝንጅብል አሁን የሚጓዘው በጭነት መኪና ነው።

ታች ጋይንት፣ ላይ ጋይንትና ስማዳ ባለፉት አሥርት ዓመታት በጋዜጣና በሪፖርት የሚነሱት በድርቅ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሦስቱንም ወረዳዎች ያቀፈ ነው። ይህ እውነት ነው፤ የተሸረሸረው መሬትና የሚዘገየው ዝናብ የፈጠሩት እውነት። ነገር ግን በሪፖርቱ ላይ ብቻ የተማመነ ሰው አካባቢውን ሁልጊዜ ከዓለም ተነጥሎ እጁን ሲዘረጋ የኖረ አድርጎ ይገምተዋል። የገበታው ታሪክ ይህን ይቃወማል። የደጋው ድሀ ገበሬ እንኳን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ በቅቤው ውስጥ የሚነጥረው ሥር፣ ከእስያ ተነስቶ ቢያንስ ሁለት ባሕርና አንድ ታላቅ ወንዝ የተሻገረ ነው። ምግቡን ከእንዲህ ያለ ርቀት የሚያሟላ አገር ተነጥሎ የኖረ አገር ነው ማለት አይቻልም።

የዝንጅብሉ መንገድ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ሰላም አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ገደማ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ በከምባታ፣ በሐዲያ፣ በወላይታና በሌሎችም የደቡብ አካባቢዎች የነበረውን የዝንጅብል ማሳ አወደመ። በሽታው የሚሠራጨው በአፈርና በሚተከለው ሥር ነው፤ ተክሉ በዘር ስለማይባዛ ደግሞ ጤነኛ መስሎ የተገዛ ሥር በሽታውን ወደ አዲስ ማሳ ይወስደዋል። ብዙ ገበሬ ዝንጅብል መትከሉን ትቶ ወደ ሌላ ሰብል ዞረ። የቴፒ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል የተሻሻሉ ዝርያዎች ያወጣ ቢሆንም፣ ንጹሕ የሚተከል ሥር ማግኘት የገበሬው ዋና ችግር ሆኖ ቆይቷል። ወላይታ ውስጥ አንድ ማሳ ሲጠወልግ የሚሰማው እስከ ጋይንት ነው፤ በበዓል ዋዜማ የምትገዛው ሴት ያንኑ ብር ከፍላ ትንሽ ዝንጅብል ይዛ ትመለሳለች።

ለዘንድሮው ገና የውጭውን ጣፋጭ በአገር ቤት ዕቃ መሞከር ለሚፈልግ፣ ነገሩ ከባድ አይደለም። ሁለት ኩባያ በሶ በሰፊ ገበታ ላይ ይደረግ። በዝንጅብል፣ በኮረሪማና በነጭ አዝሙድ የተነጠረ ቅቤ ለብ አድርጎ ከግማሽ ኩባያ ጥቂት የሚበልጥ ይጨመርበት። ሁለት ሦስት ማንኪያ ማር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተደቆሰ ደረቅ ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ትንሽ ጨው ይግባበት። በእጅ ታሽቶ መያያዝ ሲጀምር በዋልነት መጠን ይድበልበል፤ ከፈረሰ ቅቤ ይጎድለዋል፣ ካብረቀረቀ በዝቶበታል። ነጭ ሽንኩርትና ኮሰረት የገባበት የወጥ ቅቤ ለዚህ አይሆንም፤ ለብቻው ይነጠር። የተሠራው በዋዜማው ከሆነ ተከድኖ ይቀመጥ፤ የሚቀመሰው ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28፣ ከቅዳሴ መልስ ነው።